ከእማዬ መስኮት ፊት ለፊት ምሰሶ ላይ የሆነ ነገር ሰቀሉ፤ ለማን አቤት ይባላል?

የሰፈር_ልጅ · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው፤ ከተማዋን ግን አልጠራም። እናቴ ከእኔ ሁለት ብሎክ አለፍ ብላ አፓርትመንት ውስጥ ትኖራለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ደወለችልኝ። «ና እስቲ፣ መንገዱ ላይ የሆነ ነገር ሰቅለዋል» አለች።

ሄጄ አየሁት። ጥጉ ላይ ባለው ምሰሶ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ ከፍ ብሎ፣ ክንድ የሚያህል ጥቁር ነገር ታስሯል። ከፊቱ መስታወት አለው። ከላይ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ አለ። ፊቱን ያዞረው ወደ መንገዱ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ግን የእማዬ መስኮት ነው ያለው። እማዬ ጠዋት ጠዋት እዚያ መስኮት ጋ ቆማ ነው ዳዊት የምትደግመው። ይሄን ካየች ጀምሮ መጋረጃውን አልገለጠችም። ቡና ስትቆላ ጭሱ እንዲወጣላት መስኮቱን ትከፍት ነበር። አሁን በሩን ነው የምትከፍተው።

ከተማው አስተዳደር ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ወደ መንገድ ክፍል መራችኝ። መንገድ ክፍል «ፖሊስ ጠይቅ» አለኝ። ፖሊስ ጋ ያነሳው ሰውዬ ስለ ነገሩ የሚያውቀው እንደሌለ ነገረኝ። 40 ደቂቃ ስልክ ላይ ቆይቼ የዕቃውን ስም እንኳን ሳላውቅ ዘጋሁ።

እማዬ «ተወው ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ትለኛለች። እኔ መተው አልፈለግኩም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ምን ብዬ ለማን ልጻፍ?

መብራት_ኃይል · ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ እኔ የመንገድ መብራት ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አቤቱታ ከመጻፍህ በፊት ዕቃውን እንለየው። ስሙን ሳታውቅ ስትደውል አንዱ ወደ ሌላው የሚወረውርህ ለዚህ ነው። በየምሰሶው ላይ የተሰቀለው ሁሉ ካሜራ አይደለም።

መብራቱ አናት ላይ የጀበና ክዳን የምታህል ክብ ነገር ካየህ፣ እሷ ሲመሽ መብራቱን የምታበራ፣ ሲነጋ የምታጠፋ ናት። ማንንም አታይም። ምሰሶው ጫፍ ላይ እንደ በርሜል ድፍን ያለ ነገር፣ ከሥሩም የጨረር ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት ከሆነ፣ የስልክ ኩባንያ አንቴና ነው። ትራፊክ መብራት ክንድ ላይ ያሉት ካሜራዎች ብዙውን ጊዜ መኪና መኖር አለመኖሩን ለይተው መብራቱን ለመቀየር የሚያገለግሉ ናቸው። የተኩስ ድምፅ የሚለዩት ደግሞ ማይክሮፎን ያላቸው ናቸው፤ ጣሪያ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው ነው የሚቀመጡት።

አንተ የገለጽከው፣ ሶላር ያለው፣ ዝቅ ብሎ የታሰረ፣ ወደ መንገድ ያነጣጠረ፣ ታርጋ አንባቢ ይመስለኛል። በሥሩ ያለፈውን መኪና ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ታርጋውን፣ ቀለሙን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ወንጀል የሠራውን ብቻ ለይቶ አይደለም፤ ሁሉንም ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ። ምሰሶው ላይ ከዓይን ከፍታ አካባቢ ቁጥር ይኖራል፣ በቀለም ወይም በትንሽ ቆርቆሮ። እሱን ፎቶ አንሳ። መሣሪያውን ከሩቅም ከቅርብም አንሳ። የሁለቱን መንገዶች ስም ያዝ። ያየህበትን ቀን ጻፍ። አደራህን ግን እንዳትነካው፣ እንዳትሸፍነው። በሕግ ያስጠይቅሃል፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ አንተ እንጂ ስለ ካሜራው አይሆንም።

ዶሮ_ማነቂያ · ረቡዕ ጠዋት

እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልናገር፣ እንዳትቀየሙኝ። ትንሽ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል። ሁለተኛው ላይ የመስታወቱን በር በመኪና ነው የገጩት። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ከአገር ቤት ያስመጣሁት ቅመም ከመስታወት ስብርባሪ ጋር መሬት ላይ ተበትኖ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የዚያን ቀን ጥጉ ላይ ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ቢኖር ኖሮ ሌቦቹ ይያዙ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ካልሰረቅን ምን ያስፈራናል?

የሰፈር_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል፤ እግዜር ይካስህ። አንተ የምትለውን አልክድም፤ የተሰረቀ መኪና በዚህ ይገኛል። እኔ «ይነቀል» ብዬ አልጀመርኩም። የማን ነው? ምን ያያል? ፎቶው የት ይሄዳል? ስንት ቀን ይቀመጣል? እነዚህን ነው የጠየቅኩት። ሦስት ቢሮ ደውዬ የመለሰልኝ የለም።

ሰናይት_ሳንዲያጎ · ረቡዕ ቀትር

የእኛን ከተማ ታሪክ ላውጋችሁ፤ ለሁለታችሁም ይጠቅማል።

በ2016 መጨረሻ የሳን ዲያጎ ምክር ቤት የመንገድ መብራት ለመቀየር ፈቀደ። 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የተባለው ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ትራፊክ ይቆጥራል፣ ክፍት የመኪና ማቆሚያ ያሳያል ነው። ከ3,000 በላይ ምሰሶዎች ላይ ሴንሰር ገባ። በእያንዳንዱ ውስጥ ካሜራ ነበረ፣ ማይክሮፎንም ነበረ፤ ማይክሮፎኑ አልበራም ተብሏል። ፖሊስ ቪዲዮውን ለምርመራ ይጠቀምበታል ብሎ ለሕዝቡ በግልጽ የነገረ አልነበረም።

ኦገስት 2018 ላይ ፖሊስ ቪዲዮውን ለወንጀል ምርመራ መጠቀም ጀመረ። ሕዝቡ በደንብ የሰማው በ2019 ነው። በ2020 ደግሞ ጆርጅ ፍሎይድ ሲገደል ሰልፍ የወጡ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራም አገልግሏል። ለመኪና ማቆሚያ የተገዛ ዕቃ ማለት ነው እንግዲህ። በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ካሜራው ይጥፋ ሲባል፣ መብራቱን ሳያጠፉ ካሜራውን ለይቶ ማጥፋት እንደማይቻል ታወቀ።

ሲቲ ሃይትስ የሚባለው ሰፈራችን ያሉት የስደተኛ ማኅበራት፣ ሶማሌዎቹም የእኛም ሰዎች ያሉበት፣ ከሌሎች ጋር ትረስት ኤስዲ የሚባል ኅብረት አቋቋሙ። ስብሰባ በስብሰባ ሄዱ። ሴፕቴምበር 2020 ላይ ከንቲባው ኬቨን ፎልኮነር የምሰሶዎቹን የካሜራ መረብ አስቆሙት። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ኖቬምበር የክትትል መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር ሕግ በሙሉ ድምፅ ደገፈ፤ ሕጉ የጸናው ግን በ2022 ነው። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመጠቀም አስቀድሞ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። የግላዊነት አማካሪ ቦርድም ተቋቁሟል።

ሁሉ አማረ ማለቴ አይደለም። በ2023 ፖሊስ 500 ካሜራ ከታርጋ አንባቢ ጋር ጠየቀ። ቦርዱ አይሆንም ብሎ መከረ፤ ምክር ቤቱ ግን ፈቀደ። ቢሆንም ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚተከል፣ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ በአደባባይ ተነገረ። ከ2016ቱ ጋር ልዩነቱ ይሄ ነው።

ዶሮ_ማነቂያ ወንድሜ፣ ያንተ ሱቅ እንዲጠበቅ ሁላችንም እንፈልጋለን። ዕቃው አንዴ ከተተከለ በኋላ ግን ሥራው ይቀየራል። እየተቀየረ መሆኑን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ብርቱካን_ሲያትል · ረቡዕ ማታ

እህቴ ሰናይት ያለችው እኛም ጋ ሆኗል። 2013 ላይ መሀል ሲያትል ምሰሶዎች ላይ ነጫጭ ሳጥኖች ታዩ። ሰዎች ምንድን ናቸው ብለው ጠየቁ። ፖሊስ በፌዴራል የወደብ ጥበቃ ገንዘብ የተከለው የገመድ አልባ መረብ ሆኖ ተገኘ። በአጠገቡ የሚያልፍ ስልክን መለየት ይችላል ተብሎ ጩኸት ተነሳ። ፖሊስ በዚያው ኖቬምበር መመሪያ እስኪወጣለት አጠፋዋለሁ አለ። ነገሩን የጀመረው ቀና ብሎ ሳጥኑን ያየ ሰው ነው፣ ልክ እንደ እናትህ።

በ2017 ከተማዋ ሕጉን አጠናከረች። አንድ መሥሪያ ቤት የክትትል መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሪፖርት ይጽፋል፣ የሕዝብ ስብሰባ ይጠራል፣ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። ሲያትል ሰነዶቿን ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለሆነ አስተያየት በራሳችን ቋንቋ መስጠት ይቻላል።

ባለፈው የፖሊስ ካሜራ ወደ ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ አካባቢ ይስፋ ሲባል እኔም ጽፌያለሁ። ቼሪ ጎዳና ላይ ሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ የበላ ሁሉ ሰፈሩን ያውቀዋል። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ምክር ቤቱ አጸደቀው። ከፍቶኛል። ግን የጻፍኩት ደብዳቤ መዝገብ ውስጥ አለ፣ በአማርኛ።

ስም_የለሽ · ሐሙስ ሌሊት

ይቅርታ፣ በሌላ ስም ነው የምጽፈው። አሳይለም ጠይቄ ኬዜ ገና አላለቀም። ራይድ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። እንዲህ ያለው ካሜራ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነሳኝ አላውቅም። ፎቶው ኢሚግሬሽን ጋ ይደርሳል ወይ? ደግሞስ ሄጄ ብናገር ስሜ ይያዛል? አገር ቤት ስብሰባ ላይ እጅ ያወጣ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ።

አቤል_ኦክላንድ · ሐሙስ ጠዋት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የሁላችንም ነው። የማውቀውን ልንገርህ፤ ስለ ኬዝህ ግን ጠበቃህን አማክር።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ የታርጋ አንባቢ ሕግ አለ። ኤስቢ 34 ይባላል። መረጃውን ለሌላ የካሊፎርኒያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካልሆነ በቀር አሳልፎ መስጠት ክልክል ነው። የግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሮብ ቦንታ በ2023 ለፖሊሶች ባወጡት ማሳሰቢያ፣ ለሌላ ግዛትም ለፌዴራልም አይሰጥም ብለዋል። ኦክቶበር 2025 ላይ ደግሞ ሳን ዲያጎ አጠገብ ያለችውን ኤል ካሆን ከተማን መረጃውን ለሌሎች ግዛቶች ሰጥታለች ብለው ከሰሱ። ሕግ አለ ማለት ሁሉም ያከብረዋል ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ጠያቂ የሚያስፈልገው።

ስለ ስም የጠየቅከው። እዚህ በምክር ቤት ስብሰባ ለመገኘት ስምህን እንድታስመዘግብ ሊያስገድዱህ አይችሉም። ሰነድ ስትጠይቅም ለምን እንደፈለግከው መናገር የለብህም። አንድ ነገር ግን ልብ በል። የምትጽፈው ደብዳቤ ራሱ የሕዝብ መዝገብ ይሆናል። ስለ ኬዝህ፣ ስለ ወረቀትህ፣ ስለ ቤት አድራሻህ አንድም ቃል እንዳትጽፍ። ከፈራህ ሌላ ሰው ይጻፍልህ፣ ማኅበር ወይም የሰበካ ጉባኤ።

የሰፈር ልጅ፣ ወዳንተ ልምጣ። ሁለት ወረቀት ነው የሚያስፈልግህ፤ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ስለሚቀላቅል ነው። አንደኛው አቤቱታ ነው። ለሰፈራችሁ የምክር ቤት አባል ይላካል፣ ግልባጩ ለከተማው ጸሐፊ ቢሮ። አጭር ይሁን፦

«በዚህና በዚህ መንገድ መገናኛ፣ ቁጥሩ ይህ በሆነ ምሰሶ ላይ መሣሪያ ተተክሏል። ፎቶ አያይዣለሁ። ካሜራው ወደ መኖሪያ ቤት መስኮት የሚያይ ይመስላል። ባለቤቱ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ እንዲነገረኝ፣ አቅጣጫውም እንዲስተካከል እጠይቃለሁ።»

አለቀ። ምሬት አትጨምርበት። ሁለተኛው የሰነድ ጥያቄ ነው፦ «ስለዚህ መሣሪያ የተፈረመውን ውል፣ የአጠቃቀም መመሪያውን፣ መረጃው የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሳየውን ሰነድ፣ መረጃውን የሚጋሩ መሥሪያ ቤቶችን ዝርዝር፣ እንዲሁም ምክር ቤቱ የፈቀደበትን ቃለ ጉባኤ እንድትልኩልኝ።» በካሊፎርኒያ ሕግ በ10 ቀን ውስጥ ሰነዱ አለን ወይም የለንም፣ እንሰጣለን ወይም አንሰጥም ማለት አለባቸው። በተለየ ምክንያት እስከ 14 ቀን ሊያራዝሙ ይችላሉ። በስልክ አትጠይቅ። በስልክ የተባለ ነገር ዱካ የለውም።

ታርጋ አንባቢ ከሆነ መመሪያው ድረ ገጻቸው ላይ መለጠፍ ነበረበት። ሥራ ሳይጀምርም በሕዝብ ስብሰባ ላይ ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ዕድል መስጠት ነበረባቸው። እነዚህን ሁለቱን ፈልግ።

አሁን ለእናትህ የሚሆን ነገር። የካሊፎርኒያ የስብሰባ ሕግ እንደሚለው፣ በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ሰዓት ይሰጠዋል። ለሌላው 2 ደቂቃ ከሆነ ለሷ 4 ነው። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። አጀንዳው ላይ ባይኖርም የሕዝብ አስተያየት በሚለው ክፍል መናገር ትችላለች። እንግሊዝኛ አላውቅም ብላ ቤት እንዳትቀር።

እኛ ኦክላንድም እንዲህ ነው የጀመርነው። 2013 ላይ የወደቡን ካሜራ ከመላው ከተማ ጋር የሚያገናኝ ማዕከል ሊሠሩ ነበር። ሕዝቡ ሌሊቱን ስብሰባ እየተቀመጠ ተናገረ። በ2014 ምክር ቤቱ ወደቡና አየር ማረፊያው ላይ ብቻ ይወሰን አለ። በ2016 የግላዊነት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2018 ሕግ ወጣ። ከሳጥን እስከ ሕግ አምስት ዓመት ፈጅቷል።

ሹፌሩ_ከቨርጂኒያ · ሐሙስ ማታ

አቤል እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ጋ ደግሞ ከጁላይ 2025 ጀምሮ የታርጋ ፎቶ ከ21 ቀን በላይ እንዳይቀመጥ በሕግ ተወስኗል፤ ለምርመራ የተፈለገው ሲቀር። ሰነድ መጠየቂያ ሕግ ቨርጂኒያም አለ፤ በ5 የሥራ ቀን መልስ መስጠት አለባቸው። አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች ያላችሁ ወገኖች፣ እንደ ካሊፎርኒያዎቹ 10 ቀን አትጠብቁ።

አባ_ጠና · ዓርብ ጠዋት

ልጆቼ፣ ያነበበልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እሱም ይጽፍልኛል። የልጁ እናት ለምን መጋረጃ እንደዘጋች ይገባኛል። እኛ ጆሮ ጠቢ ከጎረቤታችን ውስጥ የነበረበትን ዘመን አይተናል። ለቡና የጠራኸው ሰው ምን ይዞ እንደሚወጣ አታውቅም ነበር። ሰው ከዚያ ሲወጣ ዝም ማለት ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። እናትህን ፈሪ አትበላት። አብረሃት ሂድ፣ አጠገቧ ቁም።

የሰፈር_ልጅ · ከአምስት ሳምንት በኋላ

ወገኖች፣ ዘግይቼ ተመለስኩ። ሁሉንም እንዳላችሁኝ አደረግኩ።

የምሰሶውን ቁጥር ያገኘሁት ቀለም ከላዩ ተቀብቶበት በጣቴ እየዳሰስኩ ነው። ሁለቱንም ወረቀት በአንድ ቀን ላክሁ። በአሥረኛው ቀን «14 ቀን ጨምሩልን» የሚል ኢሜል መጣ። ከዚያ ሰነዱ መጣ። መብራት ኃይል ልክ ነበርክ፤ ታርጋ አንባቢ ነው። ከኩባንያ የተከራዩት ነው። ፎቶው 30 ቀን ይቀመጣል። መመሪያው ድረ ገጻቸው ላይ አለ፤ አምስት ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ይገኛል። የሕዝብ ስብሰባም ነበረ። ቃለ ጉባኤውን አነበብኩት፤ የተናገረ ሰው የለም። እኛ ሰፈር ያወቀ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ተናገረች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የአክስቴ ልጅ እያስተረጎመችላት፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ። አባ ጠና፣ ቃልዎን ነው ያደረግኩት። ለሰው 1 ደቂቃ ነበር የተሰጠው፤ ለሷ 2 ሆነ። ወንበሩ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እያየች ነው የተናገረችው። «ሌባ ስትይዙ ደስ ይለኛል። የወንድሞቼ ሱቅም ተሰብሯል። ግን እኔ ሌባ አይደለሁም፣ መስኮቴም መንገድ አይደለም። ጸሎት የማደርግበት ነው። ስትሰቅሉት አንኳኩታችሁ ብትነግሩኝ ቡና አፈላላችሁ ነበር።» አስተርጓሚዋ የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ተቆራረጠ።

ዶሮ ማነቂያ፣ ሱቁን ያነሳችው ያንተን ጽሑፍ አንብቤላት ስለነበረ ነው።

አንዲት የምክር ቤት አባል ፖሊስ ስለ መሣሪያዎቹ ብዛትና መረጃውን ስለሚጋሩት ሪፖርት ያቅርብ ብላለች። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተይዟል። ረቡዕ ዕለት ደግሞ መሰላል የጫነ መኪና መጥቶ የካሜራውን አንገት ወደ ግራ መለሱት። ብዙ አይደለም፣ አራት ጣት ያህል ነው። እማዬ ከመጋረጃው አንዱን ክንፍ ገልጣለች። ሁለተኛውን ገና ነው። «ሪፖርቱን ልስማ» ትላለች።

ስም የለሽ፣ የሚጋሩትን መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ከካሊፎርኒያ ውጭ ያሉ የሚመስሉኝን ሁለት ስም አስምሬበታለሁ። አቤል እንዳለው ለጠበቃህ አሳየው። ሪፖርቱ ሲቀርብ ስለ ሁለቱ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ አንተ መምጣት የለብህም።

እዚህ ከተማ ያላችሁ፣ ስብሰባው ማክሰኞ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ በሐበሻ 11 ሰዓት እንነሳለን። መኪናዬ ውስጥ ሦስት ቦታ አለ፤ የፊተኛው የእማዬ ነው።